ጧፍ፣ ዜማና ጽሞና

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



የጥናት ክፍላችን ለዚህ እትም ያዘጋጀው ትምህርት ስለ ዝምታ ነው። ስለ ዝምታ ይህን ያህል ገጽ መጻፍ ሊያስቅ እንደሚችል እናውቃለን። ነገር ግን ርእሱን የመረጥነው እኛ አይደለንም። ከጥቂት ጊዜ በፊት በአንድ የእሑድ ጉባኤ መጨረሻ ላይ ከታናናሾቹ ክፍል አንዲት እኅታችን ተነሥታ፣ «እኛ ለእግዚአብሔር ብዙ እንናገራለን፤ እሱ የሚናገረን መቼ ነው?» ብላ ጠየቀች። አዳራሹ ጸጥ አለ። ከመካከላችን መልስ የሰጣት አልነበረም። መምህራችንም ወደ እኛ ዘወር ብለው፣ «እንግዲህ የጥናት ክፍል ለምን ተቋቋመ? አጥንታችሁ ኑ» አሉን። ከዚህ በታች ያለው ያጠናነው ነው።

ሀ. ችግራችን ምንድን ነው?

ጥያቄው ለምን እንደነካን በግልጽ እንናገር። መርሐ ግብራችንን ብንመለከት መዝሙር አለ፣ ስብከት አለ፣ ግጥም አለ፣ ማስታወቂያ አለ፣ ከማስታወቂያው በኋላ ደግሞ የማስታወቂያው ማሳሰቢያ አለ። በአንዱና በሌላው መካከል ትንፋሽ የሚወሰድበት ክፍተት ቢገኝ መድረክ መሪው ይደነግጣል፤ «የተዘጋጀ ሰው የለም ወይ?» ይላል። ድምፅ ማጉያው ሲበላሽ ጸሎቱ የተበላሸ ይመስለናል። ወደ ቤታችን ስንመለስም ስልካችን ይቀበለናል። እንዲህ ሆኖ ሳምንቱ ያልፋል።

መዝሙሩና ስብከቱ ጥፋት አለባቸው ማለታችን አይደለም። ሰው ግን አፉ ደክሞ ልቡ ሳይነካ ከቤተ ክርስቲያን ሊወጣ ይችላል። ይህ በሌላ ሰው ላይ የምንፈርደው ሳይሆን በራሳችን ያየነው ነው።

መጽሐፍ ቅዱስን ብናነብ እግዚአብሔር ሁልጊዜ በታላቅ ድምፅ እንደማይመጣ እንረዳለን። ነቢዩ ኤልያስ በኮሬብ ተራራ ላይ ቆሞ ሳለ ብርቱ ነፋስ መጣ፣ ምድር ተናወጠች፣ እሳትም ነደደ። በእነዚህ በአንዳቸውም ውስጥ እግዚአብሔር አልነበረም። ነቢዩ ፊቱን በመጎናጸፊያው ሸፍኖ ወደ ዋሻው ደጅ የወጣው ከእሳቱ በኋላ በተሰማው ለስላሳ ድምፅ ነው (1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 19)። የሳሙኤል እናት ሐናም በቤተ መቅደስ ስትጸልይ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ እንጂ ድምፅዋ አይሰማም ነበር። ካህኑ ዔሊ የሰከረች መሰለው። ጸሎቷ ግን ደረሰ (1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 1)።

እንግዲህ ዛሬ ባለው ዓለም፣ ወጣቶች በብዛት ተሰብስበው በዝምታ የሚጸልዩበት ቦታ አለ ወይ ብለን ስንጠይቅ፣ ደጋግሞ የመጣልን አንድ ስም ነው። እሱም ቴዜ ነው።

ለ. ቴዜ የት ነው? እንዴትስ ተጀመረ?

ቴዜ በፈረንሳይ አገር ቡርጎኝ በተባለው ክፍለ ሀገር፣ ክሉኒ ከምትባለው ከተማ አጠገብ በኮረብታ ላይ ያለች ትንሽ መንደር ናት። (ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በክሉኒ በ910 ዓ.ም. የተመሠረተ ታላቅ ገዳም ነበር፤ መነኮሳቱም በረጅም የዜማ ጸሎታቸው የታወቁ ነበሩ። ዛሬ ከዚያ ታላቅ ሕንፃ የቀረው ጥቂቱ ነው። የዜማ ጸሎት ግን በአጠገቡ ባለች መንደር እንደገና ተነሣ።

የጀመረው በ1915 ዓ.ም. በስዊዘርላንድ የተወለደ ሮዤ የተባለ የፕሮቴስታንት ቄስ ልጅ ነው። በ1940 ዓ.ም. አውሮፓ በጦርነት ስትነድ፣ ይህ የ25 ዓመት ወጣት ከጄኔቭ በብስክሌት ተነሥቶ፣ የጸሎትና የእርቅ ሕይወት የሚጀምርበትን ቤት ፍለጋ ወደ ፈረንሳይ ገባ። ቴዜ ሲደርስ አንዲት አሮጊት እኛ እዚህ ብቻችንን ነንና ከእኛ ጋር ቆይ ብለው እንደ ለመኑት ይነገራል። እሱም ቆየ። መንደሪቱ ፈረንሳይን ለሁለት ከከፈለው የጦርነቱ መስመር ቅርብ ስለነበረች ስደተኞች ያልፉባት ነበር። ሮዤም ከጀርመኖች የሚሸሹትን፣ አይሁድንም ጭምር፣ በቤቱ ያስጠልል ነበር። በ1942 ዓ.ም. ይህን ማድረጉ ስለ ተጠቆመበት ወደ ጄኔቭ ለመመለስ ተገደደ። በ1944 ዓ.ም. ግን ከጥቂት ወንድሞች ጋር ተመልሶ መጣ።

ከዚህ በኋላ ያደረጉትን ልብ እንበል። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ በአካባቢው የጀርመን ምርኮኞች የታሠሩበት ሰፈር ነበረ። ትናንት ከጀርመኖች የሚሸሹትን ያስጠለሉት እነዚያ ሰዎች፣ አሁን ደግሞ ፈቃድ ጠይቀው በየእሑዱ ምርኮኞቹን እየጠሩ፣ ከነበራቸው ጥቂት ምግብ ያካፍሏቸውና አብረዋቸው ይጸልዩ ጀመር። የቴዜ ጸሎት ሥሩ እዚህ ላይ ነው። ሻማውና ዜማው የመጡት ከዚህ በኋላ ነው። መጀመሪያ የመጣው ጠላትን በማዕድ ማስቀመጥ ነው።

በ1949 ዓ.ም. በትንሣኤ በዓል የመጀመሪያዎቹ ሰባት ወንድሞች በድንግልና፣ በጋራ ንብረትና በቀላል ኑሮ እስከ ዕድሜያቸው መጨረሻ ለመኖር ቃል ገቡ። መጀመሪያ ሁሉም ፕሮቴስታንቶች ነበሩ፤ ከ1969 ዓ.ም. ጀምሮ ካቶሊኮችም ገብተዋል። ለራሳቸው ስጦታና እርዳታ አይቀበሉም። ሸክላ በመሥራትና በመሳሰለው የእጅ ሥራ ይተዳደራሉ። በ1962 ዓ.ም. የተመረቀው ትልቁ ቤተ ክርስቲያናቸው «የእርቅ ቤተ ክርስቲያን» ይባላል። በሥራውም የተሳተፉት ወጣት ጀርመኖች ናቸው፤ በጦርነቱ አባቶቻቸው ባቃጠሉት አገር ላይ፣ እርቅን በሥራ ለማሳየት መጥተው ድንጋይና ሲሚንቶ ተሸከሙ።

ሐ. ጸሎታቸው እንዴት ነው?

በቀን ሦስት ጊዜ፣ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ደወል ይደወላል። ሥራ ይቆማል፤ ሁሉም ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። በበሩ ላይ ዝም በሉ የሚል ጽሑፍ የያዙ ወጣቶች ይቆማሉ። ውስጡ ድንግዝግዝ ያለ ነው። አግዳሚ ወንበር ስለሌለ ሰው በወለሉ ላይ ይቀመጣል ወይም ይንበረከካል። ነጭ ልብስ የለበሱት ወንድሞች በመካከል በረድፍ ይሆናሉ። በፊት ለፊት ብርቱካንማ ጨርቅ ወደ ላይ ተወጥሮ፣ ከሥሩ በተደራረቡ የሸክላ ጡቦች ክፍተት ውስጥ ብዙ ትናንሽ ሻማዎች ይበራሉ። ቅዱሳን ሥዕላትም አሉ።

1. ዜማው፦ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ከየአገሩ የሚመጣው ወጣት በዛ። በ1971 ዓ.ም. ለትንሣኤ በዓል የመጣው ሕዝብ አልገባ ስላለ፣ ወንድሞች የቤተ ክርስቲያኑን የምዕራብ ግድግዳ አፍርሰው ትልቅ ድንኳን ቀጠሉበት። (ግድግዳ አፍርሶ እንግዳ መቀበል ምን ማለት እንደሆነ እናስብ!) በ1974 ዓ.ም. ከ40,000 የማያንሱ ወጣቶች ተሰበሰቡ። ታዲያ ወንድሞች በፈረንሳይኛ የሚያዜሙትን መዝሙረ ዳዊት ይህ ሁሉ እንግዳ ሊከተለው አልቻለም። ቆሞ የሚያይ ብቻ ሆነ።

ለዚህ መፍትሔ እንዲፈልግ ዣክ በርትዬ የተባለውን የፓሪስ የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ተጫዋችና የዜማ ደራሲ ለመኑት (ከ1923 እስከ 1994 ዓ.ም. የኖረ ነው)። እሱም አንድ ወይም ሁለት መስመር ብቻ ያላቸው፣ በአንድ ጊዜ መስማት የሚያዙ፣ በአራት ድምፅ የሚዜሙ አጫጭር ዜማዎችን አዘጋጀ። ብዙዎቹ የተጻፉት በላቲን ነው። ላቲን ዛሬ የማንም የአፍ መፍቻ ቋንቋ ስላልሆነ በእሱ ሲዘምሩ ባለቤትና እንግዳ የለም። በኋላ በሌሎች ብዙ ቋንቋዎችም ተዘጋጅተዋል። ሕዝቡ ያቺን አንዲት መስመር ለብዙ ደቂቃዎች ይደጋግማታል፤ አንድ ሰው ደግሞ በላይዋ የመዝሙረ ዳዊት ጥቅስ ያዜማል። መጽሐፍ መግለጥ የለም፤ ቀጥሎ ምንድን ነው ብሎ መጨነቅም የለም። ቃሏ ከአፍ ወደ ልብ እስክትወርድ ጊዜ ይሰጣታል። ስለዚሁ ደራሲ የሚነገር አንድ ነገር ደስ ብሎናል፤ በቀብሩ ላይ የራሱ ዜማ እንዳይዜም ተናዝዞ ነበር ይባላል።

2. ጽሞናው፦ አጭር ምንባብ ከተነበበ በኋላ፣ በጸሎቱ መካከል ስምንት ወይም አሥር ደቂቃ ያህል ፍጹም ዝምታ ይሆናል። ማንም አይናገርም፤ በበገናም ሆነ በኦርጋን አይሞላም። በሺህ የሚቆጠር ወጣት፣ አንዱ የሌላውን ቋንቋ የማያውቅ፣ አብሮ ዝም ይላል።

3. ብርሃኑ፦ ዓርብ ማታ ትልቁ የመስቀል ሥዕል በወለሉ ላይ ይጋደማል። የፈለገ እየቀረበ ግንባሩን ያሳርፍበታል፤ የራሱንና የሌሎችን ሸክም በዝምታ ያኖራል። ቅዳሜ ማታ ደግሞ የትንሣኤ መታሰቢያ ነው። ሁሉም ትንሽ ሻማ ይይዛል። መጀመሪያ የሚለኩሱት ሕፃናት ናቸው፤ ብርሃኑም ከአንዱ ወደ አንዱ እየተላለፈ ቤቱን ይሞላዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሳምንት ከስቅለት ወደ ትንሣኤ የሚሄድ ሆኖ ተሠርቷል።

ከማታው ጸሎት በኋላ አንዳንድ ወንድሞች በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ይቀራሉ። ጭንቀቱን ሊያካፍል የሚፈልግ ወጣት ሲመጣ ያዳምጡታል። ጽሞናቸው ለማዳመጥ ካላዘጋጃቸው ጥቅሙ ምንድን ነው?

መ. ይህ ለእኛ ባዕድ ነውን?

በጥናታችን መካከል ክርክር ተነሥቶ ነበር። አንድ ወንድማችን፣ «እኛ የራሳችን ሥርዓት እያለን የፈረንሳይ ሻማ ምን ያደርግልናል?» አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሳችንም እንደሚከተለው ነው። የሌላውን ሥርዓት ወደ ቤተ መቅደሳችን ለማስገባት አላሰብንም፤ የሃይማኖት ልዩነትንም ቀላል ነው አላልንም። ነገር ግን ጎረቤት የራስህን ዕቃ አንሥቶ ሲያሳይህ፣ ለካ በቤቴ ኖሯል ማለት ነውር የለውም።

ጧፍ የእኛ ነው። ከጥጥ ፈትልና ከንብ ሰም በእጅ ተሠርቶ በየደጀ ሰላሙ ይበራል። በትንሣኤ ሌሊት ብርሃን ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ያላየ ከመካከላችን ማን ነው? አጭር ቃል ደጋግሞ መጸለይም የእኛ ነው። በምሕላ እግዚኦታው 41 ጊዜ ሲደገም፣ በሰሙነ ሕማማት ኪርያላይሶን እየተባለ ሲሰገድ አድገናል። ስለ ዜማማ ምን እንላለን? ቅዱስ ያሬድ በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአክሱም ግዕዝን፣ ዕዝልንና አራራይን የሰጠን ሰዎች ነን። በማኅሌት ላይ ሊቃውንቱ መቋሚያቸውን ይዘው አንዷን ቃል በዝግታ ሲያረዝሟት፣ እኛ ወጣቶች ሰዓታችንን እናያለን። እነሱ ግን አልዘገዩም፤ የቸኮልነው እኛ ነን።

ጽሞናም ከምድረ በዳ አባቶች የወረስነው ነው። አባ አርሳንዮስ የንጉሥ ልጆች አስተማሪ ነበር። ቤተ መንግሥቱን ትቶ ወደ አስቄጥስ በረሃ ወረደና ዝምታን መረጠ። ቅዳሜ ማታ ፀሐይ በጀርባው ስትጠልቅ እጁን ዘርግቶ ለጸሎት ይቆማል፤ እሑድ ጠዋት ፀሐይ በፊቱ ስትወጣ እዚያው ቆሞ ትገኘዋለች። አባ መቃርስም እንዴት እንጸልይ ላሉት፣ ንግግር ማብዛት እንደማያስፈልግ፣ እጅን ዘርግቶ ምሕረትን መለመን እንደሚበቃ አስተምሯል። አርምሞ፣ ተመስጦና ጽሞና የተባሉት ቃላት በመጻሕፍቶቻችን ውስጥ አሉ። የጠፉት ከመርሐ ግብራችን ነው።

በቴዜም ያገኘነው አንድ ነገር ወደ ገዛ ቤታችን መለሰን። በዚያ ወጣቶች ከሚወዷቸው ሥዕላት አንዱ የግብፅ ክርስቲያኖች ሥዕል ነው። በግብፅ ባዊት ከተባለ ገዳም የተገኘና ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ሲሆን፣ ዋናው በፓሪስ በሉቭር ቤተ መዘክር ይገኛል። ጌታችን ከገዳሙ አበምኔት ከአባ ሚና ጎን ቆሞ እጁን በትከሻው ላይ አኑሯል። ሁለቱም አይናገሩም። በፈረንሳይ ኮረብታ ላይ ያለ ወጣት የጸሎትን ትርጉም ከዓባይ ዳር መነኮሳት ሲማር፣ የዓባይ ምንጭ ልጆች ምን እንላለን?

ሌላው ተቃውሞ ስለ መደጋገም የተነሣው ነው። ጌታ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 በከንቱ ቃል ማብዛትን ነቅፏል። የነቀፈው ግን በንግግር ብዛት እንሰማለን ብሎ ማሰብን ነው። እሱ ራሱ በጌቴሴማኒ ያንኑ ቃል ሦስተኛ ጊዜ ደግሞ ጸልዮአል። ዓይነ ስውሩ በርጤሜዎስ ዝም በል ቢሉት ያንኑ ጩኸት አበዛው እንጂ ሌላ ቃል አልፈለገም። በመዝሙር 135 (በሌላው አቆጣጠር 136) ስለ ምሕረቱ የሚናገረው ቃል 26 ጊዜ ይመላለሳል። እንግዲህ ከንቱ የሚያደርገው የቃሉ መደጋገም አይደለም፤ የልቡ አለመኖር ነው።

ሠ. ሁለት ዓይነት ዝምታ

ይህን ክፍል ልንተወው አስበን ነበር። ነገር ግን ስለ ዝምታ እየጻፉ ዝም ማለት ስለማይገባ ጽፈነዋል።

በነሐሴ ወር 2005 ዓ.ም. በማታው ጸሎት ላይ፣ የ90 ዓመቱ ሽማግሌ ሮዤ በወንድሞቹ መካከል ተቀምጦ ሳለ፣ አእምሮዋ የታወከ አንዲት ሴት በሕዝቡ መካከል አልፋ በስለት ወጋችው። ወዲያው አረፈ። በቀብሩ ቀን የተተካው ወንድም አሎይስ፣ ለገደለችው ሴት ይቅርታን ከእግዚአብሔር ለመነላት። ለስድሳ ዓመት በእርቅ ቤት ዝም ብሎ የጸለየ ማኅበር፣ የመናገሪያው ጊዜ ሲደርስ የተናገረው ቃል ይህ ነበር። መልካም ዝምታ የሚያፈራው እንዲህ ያለ ቃል ነው።

ሆኖም ሌላም ነገር አለ። በ2019 ዓ.ም. ይኸው ወንድም አሎይስ፣ ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ ባሉት ዓመታት ከማኅበሩ ወንድሞች አንዳንዶቹ ለአካለ መጠን ባልደረሱ ልጆች ላይ የዝሙት ጥቃት እንደ ፈጸሙ፣ ማኅበሩም ይህን እንደ ተረዳ በይፋ ለዓለም ተናገረ። ያን ሁሉ ዓመት የተጎዱት ሸክማቸውን ብቻቸውን ተሸክመዋል። በዚያ ውብ ብርሃንና በዚያ ጣፋጭ ዜማ አጠገብ ሌላ ዝምታ ነበረ ማለት ነው። (ዛሬ ማኅበሩን የሚመራው ከ2023 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ወንድም ማቴው የተባለው እንግሊዛዊ ነው።)

ይህን የምንጽፈው በሌላው ቤት ለመሳለቅ አይደለም። ዔሊ የልጆቹን ክፋት እያወቀ ስላልከለከላቸው የተፈረደበት በእግዚአብሔር ቤት ውስጥ ነው። ስለዚህ ሁላችን ይህን እንማር። በእግዚአብሔር ፊት ዝም ማለት ጸሎት ነው። በግፍ ፊት ዝም ማለት ግን ጸሎት አይደለም። ማንም ሰው፣ ታላቅም ይሁን መምህር፣ ክፉ ነገር ካደረሰባችሁ በኋላ «ዝም በሉ፣ መንፈሳዊነት ይህ ነው» ቢላችሁ አትስሙት። ለምታምኑት ሰው፣ ለወላጅ፣ ለሕግም ጭምር ተናገሩ። እኛም ስትናገሩ እንሰማችኋለን። በጽሞና ጆሮው የተከፈተ ሰው የተበደለውን ለመስማት የመጀመሪያው ሊሆን ይገባዋል።

ረ. እኛ የሞከርነው

ያጠናነውን በቃል ብቻ እንዳናስቀር፣ የአጥቢያችንን ካህን አስፈቅደን በጥናት ክፍላችን ሞከርነው። ዓርብ ማታ ከጥናት በኋላ መብራት አጥፍተን አንድ ጧፍ አበራን። አንድ መዝሙረ ዳዊት አነበብን፤ ከምናውቀው መዝሙር አዝማቹን ብቻ በዝግታ ደጋግመን ዘመርን፤ ከዚያም ስምንት ደቂቃ ዝም ልንል ተስማማን።

የመጀመሪያው ዓርብ አሳፋሪ ነበር። በሁለተኛው ደቂቃ አንዱ ሳለ፣ ሌላው ሳቀ፣ ሳቁ ተላለፈ። የአንዱ ስልክ ጮኸ። አምስተኛው ደቂቃ ላይ ሰዓት ጠባቂው ራሱ «አልቋል» ብሎ ዋሸን። በሁለተኛው ዓርብ ሳቅ አልነበረም፤ እንቅልፍ ግን ነበረ። ከወጣን በኋላ ያሰብነውን ስንነጋገር ስለ ፈተና፣ ስለ ታክሲ ሰልፍና ስለ እራት መሆኑ ታወቀ። እውነቱን ለመናገር፣ ልባችን ምን እንደሚመስል ያየነው የዚያን ጊዜ ነው።

በሦስተኛው ዓርብ ጸሎቱ ሲያልቅ አንድ ወንድማችን አልተነሣም። ቆይቶ፣ «ከአባቴ ጋር ከተነጋገርሁ ሰባት ወር ሆኖኛል፤ እዚህ በየሳምንቱ ስዘምር አንድ ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም» አለ። ማንም አልመከረውም። ጥቂቶቻችን አብረነው ተቀመጥን። የኢዮብ ወዳጆች በሰባቱ ቀንና ሌሊት ዝምታቸው አልተሳሳቱም፤ የተሳሳቱት መናገር ሲጀምሩ ነው። ከዚያም ወንድማችን ተነሥቶ ሄደ። ከአባቱ ጋር ምን እንደ ተነጋገሩ እስከ ዛሬ አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅነውም። በሚቀጥለው ዓርብ ግን ጧፍ ይዞ የመጣው እሱ ነው።

እንግዲህ ለታናሽ እኅታችን ጥያቄ ያለን መልስ ይህ ነው። እግዚአብሔር ምናልባት ሁልጊዜ ይናገረን ይሆናል፤ እኛ ግን ተራ አንሰጠውም።

ሰ. ለመጀመር ለሚፈልጉ

1. ብቻችሁን አትጀምሩ፤ የንስሐ አባታችሁን ወይም የአጥቢያችሁን ካህን አማክሩ። ይህ በቅዳሴና በማኅሌት ምትክ አይደለም፤ ለእነሱ ልብን የሚያዘጋጅ ነው።
2. ቁጥራችሁ ትንሽ ይሁን። አምስት ሰው ይበቃል። ስልክ ከደጅ ይቅር።
3. ጧፉን በአሸዋ በተሞላ ዕቃ ላይ አቁሙት። ነጠላ የለበሱ እንዳይጠጉት፣ ቄጠማም ከሥሩ እንዳይኖር ተጠንቀቁ።
4. ምንባቡ አጭር ይሁን። ማብራሪያ አትስጡ፤ ማብራሪያ ለሌላ ቀን ይቆይ።
5. ከሦስት ደቂቃ ዝምታ ጀምሩና በየሳምንቱ ጥቂት ጨምሩ። ሐሳብ ሲበታተን አትቆጡ፤ አንዲት አጭር የምሕረት ልመና በልባችሁ ይዛችሁ ተመለሱ።
6. ስለ ታመሙ፣ ስለ ታሠሩ፣ ስለ ተሰደዱና ስለ አገራችን ሰላም ለምኑ። ከተጣላችሁት ሰው ስም ጀምሩ። በአባታችን ሆይ ፈጽሙ።
7. ከጸሎቱ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰው ለማዳመጥ ይቆይ።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ዝም ማለት ለምን ይከብደናል? ከምን እንሸሻለን?
2. ሐና በዝምታ ስትጸልይ ዔሊ በችኮላ ፈረደባት። እኛስ በማን ላይ እንዲህ ፈርደናል?
3. የቴዜ ወንድሞች ከሻማውና ከዜማው በፊት ጠላቶቻቸውን በማዕድ አስቀመጡ። ለእኛ ይህ ማዕድ የትኛው ነው? የምንጠራውስ ማንን ነው?
4. በመልካም ዝምታና በክፉ ዝምታ መካከል ያለውን ልዩነት ከየዕለት ኑሮአችሁ በምሳሌ አስረዱ።

ውድ እኅቶችና ወንድሞች፤ ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ስትጨርሱ ወዲያው ወደ ሚቀጥለው ገጽ አትለፉ። ወረቀቱን አስቀምጡና ጥቂት ዝም በሉ። ያን ጊዜ ትዝ የሚላችሁ ሰው ካለ፣ ተነሥታችሁ ወደ እሱ ሂዱ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።

የጥናት ክፍሉ